ቃሬዛ ቆሞ እንግዳ ያለፈበት ዳገት

ይድረስ ለግሸን ማርያም በዓል መስተንግዶ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። በጥቅምት በደብዳቤ፣ በኅዳር በአካል፣ በጥር በስልክ አመልክቻለሁ። ደብዳቤው «ደርሶናል» ተባለ፤ በአካል ስመጣ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ጉዳዩ እየታየ ነው» አለችኝ። ስለዚህ አሁን አገር እየሰማ እጽፍልዎታለሁ።

የግሸን ማርያምን ዳገት ለእርስዎ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዙሪያው ገደል፤ ሕዝቡ የሚወጣውም የሚወርደውም በአንዲት ጠባብ መንገድ። መስከረም 21 ደግሞ ድንገት ደረሰብን የሚባል ቀን አይደለም፤ ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ገባ ከተባለ ወዲህ አልተቀየረም። የጥንት ነገሥታት ወንድሞቻቸውን እዚያ አምባ ላይ ያሰሩት ሰው እንደልቡ የማይወርድበት ስለሆነ ነው። እኔና እናቴም የንጉሥ ዘመድ ሳንሆን ባለፈው መስከረም ይኸው ዕጣ ደረሰን።

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ማለዳ ስንወጣ፣ እላይ ያደሩ ጎረምሶች ስፒከር አንጠልጥለው እየሮጡ ሲወርዱ ገፍተው ጣሏት። ዞር ብሎ ያየ የለም። ድሮ የሚወርድ ለሚወጣ ጥግ ይይዝ ነበር፤ «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል» ይላል፣ ገና ግማሹን ባንወጣም። አሁን መሃል ዳገት ላይ ቆሞ ቲክቶክ የሚቀርጽ፣ የውሃ ፕላስቲኩን ገደል የሚወረውር፣ የተጫነ በቅሎ ሲመጣ እንኳ ፈቀቅ የማይል በዝቷል። ይህን ያህሉን በእርስዎ አላሳብብም፤ ጨዋነት ከቤት ነው።

የእርስዎ የሆነው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ዳሌዋ ተሰብሯል። አራት የማናውቃቸው ልጆች በዱላና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሟት፤ አንዱ «አብሽሪ እናቴ» እያለ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል። ጠባቡ ጋ ስንደርስ ሰደርያ የለበሱ አስተናጋጆችዎ መንገዱን በገመድ ዘግተዋል። «እንግዶች እየወጡ ነው።»

40 ደቂቃ ቆምን። ቃሬዛው መሬት ላይ፣ እናቴ ነጠላዋን ነክሳ። እንግዶቹ ከነካሜራማናቸው እያረፉ፣ ውሃ እየቀረበላቸው ወጡ። አንደኛው ወደ እኛ ዞሮ በስልኩ ቀረጸን። የሕዝቡ ብዛት ደስ ብሎት ይሆናል። ገመዱን የያዘውን ልጅ ብለምነው «ትእዛዝ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። ማን አዘዘህ ብዬ ግን እሱን አልጠየቅሁትም፤ የጠየቅሁት እናንተን ነው፣ ሦስት ጊዜ።

ገመድ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ የሚይዘው ሰውም አላችሁ። ያንኑ ገመድ በመንገዱ ርዝመት ብትዘረጉት የሚወጣው በአንድ ወገን፣ የሚወርደው በሌላው ይሄድ ነበር። ቃሬዛም ከእንግዳ ይቀድም ነበር። ይህ በጀት አይጠይቅም።

እናቴ ዛሬ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። የዚያን ቀን ደጁን ሳትሳለም ተመለሰች፤ ስለቷን ይዛለች፣ በመጪው መስከረም እወጣለሁ ትላለች። ብለምናት አልሰማ ብላኛለች።

ስለዚህ ከመስከረም በፊት ይመልሱልኝ፤ መንገዱ ይዘጋ ያለው ማን ነው? ዘንድሮስ ይዘጋል? በጽሑፍ ይሁን። «ደርሶናል» የሚለውን ግን አይላኩልኝ፤ እሱ አለኝ።

ከደሴ