የባዮሎጂ ክበብ በ2017፦ ያለሰዓቱ የተደወለ ደወል

ዘንድሮ 23 አባላት ነበሩን። ችግኝ ተክለናል፣ ፖስተር ለጥፈናል፣ ከፒያሳ በእግራችን ወጥተን አራት ኪሎ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምን ጎብኝተናል። ይህ የየዓመቱ ስለሆነ አላረዝመውም።

የካቲት ላይ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። አብዛኞቹ ልጆች ጾመኛ ሆኑ። አንድ ሐሙስ አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብላ፣ «ቲቸር፣ ስኳሬ መውረዱን ለጭንቅላቴ ማን ይነግረዋል?» አለችኝ። «አንጎል ራሱ ይለካዋል» ብዬ ላልፋት ስል፣ «በምን?» አለች። ዝም አልኩ።

ማይቶኮንድሪያን ስንት ዓመት «የሴል ፓወር ሃውስ» (የሴል ኃይል ማመንጫ) እያልኩ አስተምሬያለሁ። ፈተና ላይም የሚመጣው እሱው ነው። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ግን የልጅቷ መልስ እዚያው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

አንጎል ከክብደታችን 2 በመቶ ያህል ነው። ከምንጠቀመው ጉልበት ግን 20 በመቶ ገደማውን ይወስዳል። እንዲህ ያለ በላተኛ ጓዳውን ሳያይ አይውልም። ጓዳ ጠባቂዎቹ ከአንጎል ሥር፣ ሃይፖታላመስ ውስጥ ያሉ ነርቮች ናቸው። አንዳንዶቹ ስኳር ሲጨምር ይነቃሉ፣ ሌሎቹ ሲቀንስ። እኛ የመጀመሪያዎቹን በቲያትር ሠራናቸው።

ላቦራቶሪው ነርቭ ሆነ። ፖታሲየም የሆኑት ልጆች በበሩ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ግሉኮሱ፣ ማለትም ስኳሩ፣ ብስኩት ነው፤ አንድ ልጅ ለሁለት እየሰበረ ጥግ ላይ ለቆሙት ሦስት ማይቶኮንድሪያዎች ያቀብላል። (ጾም ባይሆን ኖሮ ግሉኮሱ እዚያው ያልቅ ነበር።) እነሱ ደግሞ «ኤቲፒ» (ሴል የሚጠቀምበት ኃይል) የተጻፈበት ካርድ ለበረኛው ይሰጣሉ። ካርዱ ሲበዛለት በረኛው በሩን ይዘጋል። ፖታሲየሞቹ መውጫ አጥተው ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ያኔ ነርቩ ይተኩሳል፣ ማለትም መልእክት ይልካል።

ለተኩሱ የመረጥነው ደወል ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የትኛውን ደወል እንደሆነ አልነገርኩም። ልጁ ሮጦ የትምህርት ቤቱን ደወል መታው። የታች ክፍል ልጆች ቦርሳቸውን አንግበው ግር ብለው ወጡ፤ ጥበቃውም በሩን ከፍቶ ነበር። ዩኒት ሊደራችን እስካሁን ሲያዩኝ ሰዓታቸውን ያያሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ትንሽ ጨመርንበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ያዩት ነው። ስኳር ሲጨምር በእነዚህ ነርቮች ውስጥ ያሉት ማይቶኮንድሪያዎች ይቆራረጣሉ፤ ያንሳሉ፣ ይበዛሉ። ነርቮቹ ዩሲፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን ሲያጡ ግን መቆራረጡ ይቀራል፤ የአይጦቹም ሰውነት የደም ስኳሩን እንደ ወትሮው መቆጣጠር ያቅተዋል። ስለዚህ ማይቶኮንድሪያው ኃይል አምርቶ ብቻ አይቀመጥም፤ ቅርጹን መለወጡም ወሬ ማድረሻው ነው። እኛም ሦስቱን ስድስት አደረግናቸው። ቦታ ጠበበ።

ከፋሲካ በኋላ የስኳር መለኪያ ተውሰን አመጣን። የልጆች ጣት አይነካም ስላልኩ የተወጋው የእኔ ነው። የመጀመሪያው ስትሪፕ ደሙ አንሶት ተበላሸ። ሁለተኛው 91 አለ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ ጠጥቼ ከ40 ደቂቃ በኋላ 134። የጠየቀችው ልጅ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ «ሲወርድ የሚነቁትስ ነርቮች በሩን በምን ይዘጋሉ?» አለች።

11 ስትሪፕ ቀርቶናል። የሚያልፍበት ቀን ጥቅምት ላይ ስለሆነ መስከረም ላይ በእሷ ጥያቄ እንጀምራለን። ጣት አሁንም የእኔ ነው።