ለልጄ፦ ኩዊንስ ፓርክ ውዬ መጣሁ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ፣ የኦታዋ ብርድስ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሆዴ አልወጣ አለኝ። «እማዬ፣ የምክር ቤት አባላቱን ቲክቶክ ላይ አይቻቸዋለሁ። ዝም ብለው እኮ ነው የሚጯጯሁት። ለማን ብዬ ነው የምመርጠው?» አልሽኝ። ያኔ ሥራ ልገባ ስለነበር ብዙ አላወራንም። ሰሞኑን ግን ኩዊንስ ፓርክ ባለው በኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጬ ዋልኩ። ያየሁትን ልንገርሽ።

የሄድኩት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው። እንደምታውቂው፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ የምንሠራ ሰዎች ፊርማ ስናሰባስብ ከርመናል። ወረቀቱን ለአካባቢያችን ተወካይ ሰጥተናቸው ነበር። እሳቸውም የሚያቀርቡበትን ቀን ነገሩን። ኦፍ የነበርን ተጠራርተን በሰብዌይ ኩዊንስ ፓርክ ወረድን። መግቢያው ነፃ ነው። ፍተሻ አልፈሽ፣ ቦርሳሽን አስቀምጠሽ፣ ላይ ሰገነቱ ላይ ትቀመጫለሽ። ማጨብጨብ አይቻልም። ፎቶ ማንሳትም አይቻልም።

ሕንፃው በፈረንጅ በ1893 የተከፈተ ነው። በቀይ ድንጋይ የተሠራ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ አዳራሹ ግን ከጠበቅኩት ያንሳል። 124 ወንበር ነው ያለው። መንግሥትና ተቃዋሚ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይቀመጣሉ። ግድግዳው ላይ በመንግሥቱ ወገን ትይዩ ጉጉት ተቀርጻለች፤ በተቃዋሚዎቹ ትይዩ ደግሞ ንስር። ጉጉት እኛ አገር በክፉ ነው የምትታየው። እዚህ ግን ገዢዎቹ አስተዋይ እንዲሆኑ የምታሳስብ ናት። ንስሩ ተቃዋሚዎቹ ዓይናቸውን ከመንግሥት ላይ እንዳይነቅሉ ነው።

አንቺ ቲክቶክ ላይ ያየሽው ጩኸት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል (በፈረንጅ 10:30) የሚጀምረው የጥያቄ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ በፊት አባላቱ አጫጭር ንግግር ያደርጋሉ፤ ለእያንዳንዱ 90 ሴኮንድ። አንዱ በከተማው ስለሞቱ አስተማሪ ተናገረ፤ ሌላዋ ስለ አንድ ምግብ ባንክ። ይህን ማንም ቆርጦ ሶሻል ሚዲያ ላይ አይለጥፈውም።

የጥያቄ ሰዓቱ እውነትም ይጮሃል። አልዋሽሽም። ተቃዋሚው ይጠይቃል፣ ሚኒስትሩ ይነሳል፣ የተጠየቀውን ትቶ መንግሥቱ የሠራውን ይዘረዝራል። የራሱ ወገን ያጨበጭባል። ከማዶ ይጮሃሉ። ይሄ ያናድዳል። የሆስፒታል ወረፋ ተጠይቆ ስለ መንገድ ሲመለስ ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ መስማት ለእኔ ከባድ ነበር። አፈ ጉባኤዋ ግን ዝም አይሉም። ዶና ስኬሊ ይባላሉ፤ በ2025 ሚያዝያ ላይ ሲመረጡ በኦንታሪዮ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆነዋል። አንድ አባል ከመስመር ያለፈ ቃል ሲናገር አስቆሙትና ቃሉን መልሶ እንዲወስድ አዘዙት። ሰውየው ብድግ ብሎ «መልሼ ወስጃለሁ» አለና ተቀመጠ። ትልቅ ሰው በሕዝብ ፊት ቃሉን መልሶ ሲወስድ ማየት ደስ ይላል።

ከዚያ ድምፅ መስጠት ሆነ። ለአምስት ደቂቃ ደወል ይደወላል። አባላቱ ከየኮሪደሩ እየሮጡ ይገባሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ይነሳሉ፤ ጸሐፊው ስማቸውን ይጠራል። እያንዳንዱ ሰው ቆሞ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ የደገፈውና የተቃወመው ይመዘገባል። የእኛ ተወካይ ምን እንደመረጡ ማታ ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት። የተናገሩት ሁሉ ቃል በቃል ተጽፎ ይወጣል። አንቺም መፈለግ ትችያለሽ።

የጥያቄ ሰዓቱ ሲያልቅ ጋዜጠኞቹም፣ ትምህርት ቤት ያመጣቸው ልጆችም ወጡ። ሰገነቱ ባዶ ሆነ። እኔ ልነግርሽ የፈለግኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ከሰዓት በኋላ የኮሚቴ ሪፖርት ይቀርባል፣ አዲስ ረቂቅ ሕግ ይተዋወቃል፣ ከዚያ አቤቱታ ይመጣል። ተወካያችን ተነሱ። የአቤቱታችንን ፍሬ ነገር ተናገሩ፤ ከደቂቃ ብዙም አላለፈም። ከዚያ «እኔም እስማማለሁ፣ ፊርማዬን አኖራለሁ» ብለው ፈረሙበትና ለአንድ ልጅ ሰጡት። እነዚህ ልጆች ፔጅ ይባላሉ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ጥቁርና ነጭ ለብሰው አፈ ጉባኤዋ እግር ሥር ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፣ ውኃና ወረቀት ያመላልሳሉ። ልጅቷ ወረቀታችንን በሁለት እጇ ይዛ ሄዳ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ጠርዙ ላይ ቡና የፈሰሰበትን ገጽ ከላይ ሆኜ ለየሁት። የሌሊት ሺፍት ላይ እረፍት ክፍል ውስጥ የተፈረመው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ እጄን ጭምቅ አደረገችው።

የጠየቅነው ምን መሰለሽ? በ2021 የወጣው የአረጋውያን እንክብካቤ ሕግ እያንዳንዱ ነዋሪ በቀን በአማካይ 4 ሰዓት የቅርብ እንክብካቤ እንዲያገኝ ይላል። እስከ ማርች 2025 መጨረሻ እዚያ መድረስ ነበረበት። ችግሩ «አማካይ» የሚለው ነው። ሒሳቡ የሚሠራው ለጠቅላይ ግዛቷ በሙሉ ነው። እኔ የምሠራበት ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች 4 ሰዓት ያገኛሉ ማለት አይደለም። አንዲት አዛውንት አሉን፣ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያ አይዙም። ቁርሳቸውን በእርጋታ ለማብላት ግማሽ ሰዓት ይፈልጋሉ። ግማሽ ሰዓት ከሰጠኋቸው ሌሎቹ አልጋ ላይ ይቆያሉ። ቁጥሩ በየመንከባከቢያ ቤቱ ተለክቶ እዚያው ይለጠፍ ነው ያልነው። ሌላ አላልንም።

ልጄ፣ የእኔና ያንቺ ኑሮ ያለው እዚህ ምክር ቤት ውስጥ ነው። ኦታዋ ያለው ፌዴራል ፓርላማ ዜናውን ይወስደዋል፤ ሐኪም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የቤት ኪራዩ ግን ከኩዊንስ ፓርክ ነው የሚወሰነው። በ2019 የዩኒቨርሲቲ ክፍያ በ10 በመቶ የቀነሰው እዚህ ነው። በዚያው ጊዜ የተማሪ ድጎማው ወደ ብድር ያዘነበለውም እዚሁ ነው። ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የገባባቸው ቤቶች የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የላቸውም፤ አክስትሽ ከዚያ ኮንዶ ለምን እንደወጣች ታውቂያለሽ። በኮቪድ ጊዜ ለእኛ ለፒኤስደብሊው (አረጋውያንን ለምንንከባከብ ሠራተኞች) በሰዓት የተጨመረችው 3 ዶላር በ2022 ቋሚ የሆነችውም በዚሁ ምክር ቤት ነው። ያቺ 3 ዶላር ስንት ነገር ሸፍናልናለች።

ሁሉ ነገር ያማረ ነው እያልኩሽ አይደለም። ገዢው ፓርቲ በ2025ቱ ምርጫ 80 ወንበር አግኝቷል። ይህን ያህል አብላጫ ያለው መንግሥት ክርክሩን በድምፅ ብልጫ ማሳጠር ይችላል። አንዳንዱ ሕግ ኮሚቴ ሳያየው ያልፋል። ይሄ ትክክል አይመስለኝም። ሕግ ሲቸኮል የሚጎዱት ሰዎች ለመናገር ጊዜ አያገኙም። ግን ደግሞ በዚያ ምርጫ ግማሹ መራጭ እንኳን አልወጣም፤ 45 በመቶ ገደማ ነው ድምፅ የሰጠው። ያልወጣው ሰው ከወጣው ይበዛል! በእኛ ሰፈርም፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ያልመረጡ ብዙ ናቸው። በዚህ አዝናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አንቺ ብታይው ደስ ይልሽ ነበር። ሜይ 28 ቀን 2024 ሶል ማማክዋ የሚባሉ ከሰሜን ኦንታሪዮ የተመረጡ የአገሬው ነባር ሕዝብ (ፈርስት ኔሽንስ) ተወላጅ ተነስተው በራሳቸው ቋንቋ በኦጂ-ክሪ ተናገሩ። እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ ሲደመጥ የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ዓመት ደንቡን አሻሽለውት ነው። ቤተሰቦቻቸውና የአገር ሽማግሌዎች ሰገነቱ ላይ ነበሩ። ያነሱት ጥያቄ ደግሞ ምን ነበር? ሱ ሉክአውት በሚባለው ከተማ ስለ አረጋውያን መንከባከቢያ! የእኔ ሥራ። ቪዲዮውን ጓደኛዬ ስታሳየኝ አለቀስኩ። እኛ ፎቅ ላይ እንግሊዝኛው የጠፋባቸው እናቶች አሉ። ሲያማቸው በልጅነት ቋንቋቸው ነው የሚጣሩት። እኔ አማርኛ ለሚናገሩት እደርስላቸዋለሁ። ለሌሎቹ ማን አለ?

ሲመሽ አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ ይከራከሩ ነበር። አንዲት ተቃዋሚ አንቀጽ እየጠቀሰች ስትናገር አንድ የመንግሥት ወገን አባል ማስታወሻ ሲይዝ አየሁ። ከዚያ ተነስቶ በጨዋነት መለሰላት። ያልገባውንም ጠየቃት። አልተጯጯሁም። ካሜራው ያኔም በርቶ ነበር፤ የሚያይ የለም እንጂ።

ስንወጣ ተወካያችን ኮሪደር ላይ አገኙንና አንድ ነገር ነገሩን። በየዓመቱ በጀት ከመውጣቱ በፊት የፋይናንስ ኮሚቴው ሕዝብ ያዳምጣል። ማንም ሰው ተመዝግቦ እንዲናገር መጠየቅ ይችላል። የሚሰጥሽ 7 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ይጠይቁሻል። ባይደርስሽም በጽሑፍ ትልኪያለሽ፤ ያም ይመዘገባል። ባልደረቦቼ ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። እሺ አልኩ።

ስለዚህ ሥራ አለሽ። የምናገረውን በአማርኛ ጽፌ በእንግሊዝኛ ገልብጬዋለሁ። ዛሬ ማታ በኢሜይል እልክልሻለሁ። ፈተናሽን ጨርሰሽ ተረጋግተሽ አንብቢው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ በሰዓት ለኪው። ከ7 ደቂቃ ካለፈ ስለ ደሞዝ ያልኩትን ቁረጪ። የአዛውንቷን ቁርስና የ4 ሰዓቱን ነገር ግን እንዳትነኪብኝ።

ሽሮና በርበሬ ከአክስትሽ ጋር ልኬያለሁ። ቅዳሜ ደውዪልኝ።

እናትሽ
ቶሮንቶ