ፈሰስ ያወጣንበት ተራራ

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እናታችን እትዬስ ደኅና ናቸው? ለሦስት ዓመት ድምፄን ማጥፋቴ አንተን ከመርሳት እንዳልመጣ ታውቃለህ ብዬ ባምንም፣ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅርታህን እለምናለሁ።

ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ የኮሎራዶ የእግር መንገድ ነው። ከዴንቨር አጠገብ ካለው ከዋተርተን ሸለቆ ተነሥቶ፣ ተራራ ለተራራ እያቋረጠ ዱራንጎ ከተማ እስኪደርስ ድረስ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አማካይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ከፍተኛው ቦታም 4,045 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የመንዝ ልጅ ነኝ ብዬ የተማመንኩበት ትንፋሼ ዳገቱ ላይ ብዙ ጊዜ አጥሮብኛል። እስካሁን የሄድኩት ጥቂቱን ነው፤ ከሥራ በተረፈኝ ቀን በክፍል በክፍል እየቀጠልኩ ነው።

ልቤን የነካው ግን መንገዱ በማን እጅ እንደተሠራ ማወቄ ነው። ጉዲ ጋስኪል የተባሉ ሴት በጎ ፈቃደኞችን ለዓመታት አስተባብረው በ1987 እ.ኤ.አ. ዳር እስከ ዳር አገናኙት። እኒህ ሴት በ2016 እ.ኤ.አ. አርፈዋል፤ በሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ ያለውን፣ በስማቸው የተጠራውን ድልድይ ስሻገር ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ዛሬም መንገዱን የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ባለፈው ክረምት እኔም ዶማ ይዤ ከእነርሱ ጋር ወጣሁ። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ የእግር መንገዱን ተከትሎ ይወርድና አፈሩን ጠርጎ ቦይ ያደርገዋል፤ ስለዚህ መንገዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ውኃ መውረጃ ቆፍረን፣ ውኃው ወደ ቁልቁለቱ እንዲወጣ አደረግን። አባቴ ማሳው ላይ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ እኮ ነው! አስተባባሪያችን ቁልቁለቱን እንዴት እንደምለካ ሊያሳየኝ ሲጀምር፣ እጄ አስቀድሞ ያውቀው ነበር። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሲወርድ ዛፍ ሥር ተጠግቼ ሳይሆን ዝቅ ካለ ቦታ ሆኜ፣ ድፍርሱ ውኃ በቆፈርኩት በኩል ታጥፎ ሲወጣ አየሁ፤ በዚህ አገር እንዲያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ለሐምሌ እረፍት ወስደህ ና። ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ ገና ሳይነጋ እንነሣለን። የጫማህን ቁጥር ጻፍልኝ፤ ዶማውን እኔ አዘጋጃለሁ።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ