ካልኩለስ ከመግባትሽ በፊት

እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድምፄን ማጥፋቴን ስንገናኝ ትወቅሺኛለሽ። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ልትገቢ ነው፣ ያውም ለኢንጂነሪንግ፣ ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። የሒሳቡ መንገድ ረጅም ነው፤ የት የት እንደሚያደናቅፍ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ፕሮግራምሽን ቁርጥ አድርጊ። ኢንጂነሪንግ ከሆነ ኮሌጅ አልጀብራ፣ ትሪጎኖሜትሪ ያለበት ፕሪካልኩለስ፣ ከዚያ ካልኩለስ 1፣ 2 እና 3፣ ከዚያም ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይጠብቁሻል። ሐሳብሽን ቀይረሽ ነርሲንግ ካልሽ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስታቲስቲክስ ነው፤ ለዚያ ፕሪካልኩለስ መውሰድ ገንዘብ መበተን ነው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የወሰድሽው ሒሳብ ካለም ትራንስክሪፕትሽን በየኮርሱ ተዘርዝሮ እንዲገመገም አድርጊ። ጠቅላላ ግምገማው ርካሽ ነው፤ ኮርስ ግን አያስዘልልሽም።

ቀጥሎ ከየትኛው ኮርስ እንደምትጀምሪ የሚወስነው ፕሌስመንት ፈተና ነው። ብዙ ኮሌጆች ኮሌጅ ቦርድ የተባለው ድርጅት የሚያዘጋጀውን አኪዩፕሌሰር (ACCUPLACER) የተባለ ፈተና ይሰጣሉ። ሒሳቡ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ አሪትሜቲክ፣ ሁለተኛው መካከለኛ አልጀብራና ስታቲስቲክስ፣ ሦስተኛው ከፍ ያለ አልጀብራና ፋንክሽን። እያንዳንዱ 20 ጥያቄ አለው፣ ውጤቱም ከ200 እስከ 300 ነው። የሰዓት ገደብ የለውም፤ ስለዚህ አትቸኩዪ። ኮምፒውተሩ የሚቀጥለውን ጥያቄ የሚመርጠው መልስሽን አይቶ ነው፣ ያለፍሽውን ደግሞ ተመልሰሽ ማረም አትችዪም። አገር ቤት የለመድነው «የከበደሽን ዝለዪና በኋላ ተመለሺ» እዚህ አይሠራም። ካልኩሌተርም በተፈቀደበት ጥያቄ ላይ ብቻ ስክሪኑ ላይ ራሱ ይመጣል።

ሳትዘጋጂ አትግቢ። ዝቅ ብለሽ ከተመደብሽ የምትወስጃቸው የማሻሻያ ኮርሶች ይከፈልባቸዋል፣ ለዲግሪው ግን አይቆጠሩም፤ የፌዴራሉ የገንዘብ ድጋፍም ለእነሱ የሚሸፍነው እስከ 30 ክሬዲት ድረስ ነው። ዛሬ በብዙ ቦታ ዋናውን ኮርስ ከድጋፍ ክፍል ጋር በአንድ ሴሚስተር ማስወሰድ ተለምዷል። ኮሌጅሽ ይህ ካለው እሱን ምረጪ፤ ረጅሙ የማሻሻያ ሰልፍ ብዙ ሰው ዋናው ኮርስ ሳይደርስ አሰልችቶ ያስቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ካልኩለስ ላይ ተማሪውን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አንድ ጥያቄ ልውሰድ፤ የ1/ሀ ዴሪቬቲቭ፣ ማለትም ሀ ሲለወጥ 1/ሀ የሚለወጥበት ፍጥነት፣ ከትርጉሙ ተነስቶ ይፈለግ። ሀ ላይ ትንሽ ጭማሪ፣ ለ እንበለው፣ እንጨምርና ልዩነቱን እንጻፍ፦

1/(ሀ+ለ) − 1/ሀ

ክፍልፋይ መቀነስ ነው፤ የጋራ ታህት ይፈልጋል፣ እሱም ሀ(ሀ+ለ) ነው። ላዕሉ ሀ − (ሀ+ለ) ይሆናል፤ ቅንፉ ሲፈታ −ለ ይቀራል። ይህን በጭማሪው በለ ስናካፍል −1/(ሀ(ሀ+ለ)) እናገኛለን። ለ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መልሱ −1/ሀ² ነው። ካልኩለስ የምትባለው ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ብቻ ናት። ቅንፉን ረስቶ ሀ − ሀ + ለ ብሎ የጻፈ ሰው ላዕሉ ለ ይሆንበታል፣ መልሱም 1/ሀ² ብሎ ይወጣል። ሊሚቱን አሳምሮ ያውቃል፣ ነጥቡን ግን በቅንፍ ያጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ 1/2 ወደ 1/3 ሲሄድ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለውጡ ኔጋቲቭ መሆን አለበት።

ሌሎቹም ወጥመዶች የዚሁ ዘመዶች ናቸው። (ሀ+ለ)² ሲባል ሀ²+ለ² ብሎ መጻፍ፤ በ3ና በ4 ብትሞክሪው አንዱ 49፣ ሌላው 25 ይወጣል። √(ሀ²+9)ን ሀ+3 ማለት፤ ሀ 4 ሲሆን ትክክለኛው 5 ነው እንጂ 7 አይደለም። (ሀ+6)/6 ላይ ስድስቶቹን ሰርዞ ሀ ማስቀረትም አለ። በተጠራጠርሽ ቁጥር ቁጥር ተክተሽ ሞክሪ፤ 0ና 1ን ግን አትጠቀሚ፣ ስህተትን ይሸፍናሉ።

ትሪጎኖሜትሪ ላይ ካልኩሌተርሽ ራዲያን (ከዲግሪ ሌላ የማዕዘን መለኪያ) ላይ መሆኑን አትርሺ። የሳይን ዴሪቬቲቭ ኮሳይን የሚሆነው በራዲያን ብቻ ነው፤ በዲግሪ ከሆነ 0.01745 ገደማ የሆነ ማባዣ ይከተለዋል። የ0፣ 30፣ 45፣ 60 እና 90 ዲግሪን ሳይንና ኮሳይን በቃልሽ ያዢ፤ ካልኩሌተር የሚከለክል መምህር ብዙ ነው።

ካልኩለስ 1 ውስጥ ደግሞ የመሰላሉ ጥያቄ አይቀርልሽም። 5 ሜትር መሰላል ግድግዳ ተደግፏል፣ እግሩ በሰከንድ 1 ሜትር ይንሸራተታል፣ እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ሲርቅ ጫፉ በምን ፍጥነት ይወርዳል? ፒታጎራስ ቁመቱ 4 መሆኑን ይነግርሻል። ስህተቱ 3ንና 4ን ቀድሞ መተካት ነው፤ ቋሚ ቁጥር ዴሪቬቲቩ ዜሮ ስለሆነ ጥያቄው እጅሽ ላይ ይሞታል። መጀመሪያ ዴሪቬቲቩን ውሰጂ፣ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይግባ። መልሱ በሰከንድ 3/4 ሜትር ቁልቁል ነው። ካልኩለስ 2 ከዚህም ይብሳል፤ ኢንተግራልና ሲሪስ (ማለቂያ የሌለው የቁጥሮች ድምር) ቀመር ከመሸምደድ ይልቅ የትኛው ዘዴ የት እንደሚገባ መለየትን ይጠይቃሉ።

የኦንላይን የቤት ሥራውን አትመኚው። «ምሳሌ አሳየኝ» የሚል ቁልፍ አለው፤ ምሳሌውን እያዩ ቁጥር ብቻ ቀያይሮ መቶ ማግኘት ይቻላል፣ ፈተናው ላይ ግን ቁልፉ የለም። ያንኑ ጥያቄ በነጋታው ባዶ ወረቀት ላይ ሥሪው። ምርጫ ማጥቆር ለለመድን ሰዎች ሌላም ነገር አለ፤ እዚህ መምህሩ የሚያርመው እርምጃሽን ነው፣ መልሱ ቢሳሳት እንኳ ለትክክለኛው እርምጃ ነጥብ ይሰጣል። በልብሽ ሠርተሽ መልሱን ብቻ አትጻፊ።

ካልኩለስ 1 በአብዛኛው 4 ክሬዲት ነው፤ ከክፍል ውጭ በሳምንት 8 ሰዓት ያዢለት። ከሥራ ፈረቃሽ ጋር ካልገጠመ በዚያ ሴሚስተር ሌላ ከባድ ኮርስ አትደርቢ። መጽሐፍ ለመግዛትም አትቸኩዪ፤ የራይስ ዩኒቨርሲቲው ኦፕንስታክስ ከቅድመ አልጀብራ እስከ ካልኩለስ 3 ያለውን በነፃ ያወጣል። መምህሩ የኦንላይን የቤት ሥራውን መግቢያ ኮድ ካዘዘ ግን እሱን መግዛትሽ አይቀርም።

ሴሚስተሩ ሲጀምር ሁለት ቀን ካላንደርሽ ላይ ጻፊ፤ ኮርሱን ትተሽ ትራንስክሪፕት ላይ ምንም የማይቀርበትንና በደብሊዩ (W፣ ኮርሱን አቋርጣ ወጣች የሚል ምልክት) የምትወጪበትን የመጨረሻ ቀን። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ከሁለተኛው ቀን በፊት እንደሚመለስ መምህሩን ጠይቂው።

የፕሌስመንት ፈተናው ቀን ሲቆረጥ ጻፊልኝ። ክፍልፋዩን ከዛሬ ማታ ጀምሪ።

ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወዳጅሽ