ሙስታንግሽ ጭራው ከብዶታል

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ «ዴንቨር ብርዱ ገባ ወይ?» እያለች ነጋ ጠባ ትጠይቀኛለች።

በሪሞት የምታበሪውን ትንሽ የፎም ሙስታንግ፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነቱን ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል፣ ስትሞክሪ የላክሽልኝን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት። በስልክ ብነግርሽ ግማሹ ይረሳል ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ። አውሮፕላኑ ገና ከመሬት እንደተነሳ አፍንጫው ወደ ላይ ተሰቀለ። ወደ ታች ስትመሪው ከልክ በላይ ወረደ፤ ስትመልሽው ደግሞ እንደገና ተሰቀለ። ከዚያ ፍጥነቱ አለቀና በግራ ክንፉ ተደፋ። ሳሩ ረጅም ስለነበር ተረፈ። ጓደኛሽ «ሞተሩ ደካማ ነው፣ ትልቅ ግዢ» ማለቱን ነግረሽኛል። እኔ አልስማማም። ሞተሩ ምንም አልሆነም። ችግሩ ያለው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው።

ቀይ ጭራ መምረጥሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉት ጥቁር አሜሪካውያን የቱስኪጊ አብራሪዎች፣ የ332ኛው ተዋጊ ግሩፕ ልጆች፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ሙስታንግ ሲረከቡ ጭራውን በቀይ ቀለም ነበር የሚለዩት። ጣሊያን አገር ሆነው ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን እያጀቡ የበረሩት በዚያ አውሮፕላን ነው። አንቺ ስትመርጪው ቀለሙ አምሮሽ ይሆናል። ለኛ ግን ሌላም ነገር አለው። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ የተማረው እዚያው ቱስኪጊ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ አገራችን መጥቶ የንጉሡን አየር ኃይል መራ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ የኛን ልጆች አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ስለዚህ ቀዩን ጭራ አጥፊው አልልሽም። አቀባቡ ነው መስተካከል ያለበት።

«ከቀለሙና ከአዲሱ የብረት የጭራ ጎማ በኋላ 20 ግራም ብቻ ነው የጨመረው» ብለሽኛል። አውሮፕላኑ 1200 ግራም ስለሆነ 20 ግራም ምንም አይመስልም። ግን የት እንደተቀመጠ እይ። ጭራው ከሚዛን ነጥቡ፣ ማለትም አውሮፕላኑ በጣት ሲደገፍ ሳያዘነብል ከሚቆምበት ቦታ፣ 60 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይርቃል። 20ን በ60 አባዢ፣ ለ1200 አካፍዪ። 1 ሴንቲሜትር ይመጣል። የአውሮፕላንሽ የሚዛን ነጥብ ሙሉ 1 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። የክንፍሽ አማካይ ስፋት፣ ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላ ጠርዙ፣ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ላለ ክንፍ 1 ሴንቲሜትር ትልቅ ነገር ነው። በደንብ በሚበርና በማይታዘዝ አውሮፕላን መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህም ያንሳል።

አሁን መፍትሔው። ብዙ ሰው አፍንጫው ላይ እርሳስ ይለጥፋል። አፍንጫው ግን አጭር ነው፤ እርሳስ የምታስገቢበት ቦታ ከሚዛን ነጥቡ 20 ሴንቲሜትር ቢርቅ ነው። ጭራ ላይ ላለው 20 ግራም አፍንጫ ላይ 60 ግራም ያስፈልግሻል። ያኔ አውሮፕላኑ በድምሩ 80 ግራም ከበደ ማለት ነው። ሲከብድ በፍጥነት ካልሆነ አየር ላይ አይቆምም፣ ሲያርፍም ይሮጣል። ባትሪውን ወደ ፊት መግፋት ከእርሳስ ይሻላል፣ ምንም ክብደት አይጨምርም። ነገር ግን ያንቺ ባትሪ 190 ግራም ገደማ ነው። 2 ሴንቲሜትር ብትገፊው የሚመልስልሽ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከጭራው ቀንሺ። የብረቱን ጎማ አውጪና የቀድሞውን ቀላል ጎማ መልሺ። ቀለሙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እያረጠብሽ ቀስ ብለሽ አንሺው፣ ፎሙን እንዳትቦረቡሪው። በብሩሽ ደራርበሽ የቀባሽው ነው ያከበደው። በውኃ የሚቀጥን ቀለም በስሱ አንድ ጊዜ ንፊበት። ከሩቅ ቀይ ከሆነ ይበቃል። የመኪና ስፕሬይ ግን እንዳትነኪ፣ አንዳንዱን ፎም ይበላዋል። ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ የሚቀረውን በባትሪው ታስተካክያለሽ። እርሳስ ካስፈለገም ጥቂት ግራም ትሆናለች።

እውነተኛው ሙስታንግም ይኸው ችግር ነበረበት፣ ታውቂያለሽ? ሩቅ እንዲሄድ ተብሎ ከአብራሪው ወንበር ጀርባ 320 ሊትር ገደማ የሚይዝ የነዳጅ ታንክ ተጨመረለት። ታንኩ ሲሞላ ጭራው ይከብድና አውሮፕላኑ ለመቆጣጠር አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ አብራሪዎቹ ከተነሱ በኋላ መጀመሪያ የሚያቃጥሉት የዚያን ታንክ ነዳጅ ነበር። እስኪጎድል ድረስም በኃይል መጠማዘዝ አይመከርም ነበር። እነሱ ነዳጁን አቃጥለው ይገላገሉታል። ያንቺ ቀለም ግን አይቃጠልም።

ሚዛኑን ስትለኪ ለመብረር ዝግጁ በሆነበት ሁኔታ ይሁን። ባትሪው ገብቶ፣ ፕሮፔለሩ ታስሮ፣ ክዳኑ ተዘግቶ። መመሪያው ላይ ያለውን ልኬት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምረሽ ለኪና በሁለቱም በኩል ትንሽ ስኮች ለጥፊ። ክንፉ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ስለሆነ አውሮፕላኑን ገልብጠሽ በሁለት ጣትሽ ደግፊው። ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ለመጀመሪያው በረራ አፍንጫው በጣም ትንሽ ወደ ታች ቢያዘነብል እመርጣለሁ። ከዚያ የፕሮፔለሩን ዘንግና ጭራውን ይዘሽ አንጠልጥይና የትኛው ክንፍ እንደሚወርድ እይ። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ፕሮፔለሩንም ባላንስ አድርጊው። ጋራዥ ስትመጪ ጎማ ባላንስ ስናደርግ አይተሽ የለ? ልክ እንደዚያው ነው። ባላንስ ማድረጊያው ላይ ስቀይውና የሚወርደውን ቅጠል ለይ። የከበደውን ከጀርባው በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ትንሽ ፈግፊ። ወይም በቀለለው ላይ ስስ ስኮች ለጥፊ። ያልተስተካከለ ፕሮፔለር ሲሽከረከር ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ብሎኑን ያላላል፣ አውሮፕላኑ ሲናወጥ በራሱ የሚያስተካክለውን መሣሪያ፣ ጋይሮውንም ያሳስተዋል።

ስለ ጋይሮ ካነሳሁ አይቀር፣ «ጋይሮውን ከፍ ካደረግኩት ይረጋጋል» ያልሽውን አልወደድኩትም። ጋይሮ ነፋስ ሲያናውጠው ጥሩ ነው። የሚዛን ጉድለትን ግን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ፍጥነቱ ሲወርድ የጭራው ክንፎች ኃይል ያጣሉ፣ ጋይሮው ቢታገልም ምንም አያመጣም። ያኔ ደግሞ ወደ ማረፊያው ተጠግተሻል። መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ ጋይሮውን።

የቆመው ጭራ ሥር ያለችውን ትንሽ ክንፍ ልትቆርጫት አስበሻል አሉ፣ የእውነተኛው ሙስታንግ ፎቶ ላይ የለችም ብለሽ። ተይ። ፒ-51ዲ የሚባለው የሙስታንግ ዓይነት የመጀመሪያዎቹ በእርግጥ አልነበራቸውም። የአብራሪው መስታወት በሁሉም አቅጣጫ እንዲያሳይ ተብሎ የኋላው ጀርባ ሲቀነስ ግን አውሮፕላኑ ወደ ጎን መዋለል አበዛ። ያቺ ክንፍ የተጨመረችው ለዚህ ነው። ላንቺም የምትሠራው ያንኑ ሥራ ነው።

በግራ ክንፉ ስለመደፋቱ ልንገርሽ። የሙስታንግ ክንፍ ወደ ጫፉ ይጠባል። ፍጥነት ሲያንስ ጫፉ ቀድሞ አየር መያዝ ካቃተው አውሮፕላኑ በዚያ በኩል ይገለበጣል። ሁለቱንም ኤለሮን፣ የክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ወደ ላይ አንሺያቸው፣ እኩል አድርገሽ። ጫፎቹ ቶሎ አይሸነፉም። ከፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ያዋጣል። ስትነሺም ጋዙን በአንዴ አትስጪው። ሞተሩ ወደ ግራ ይጎትተዋል፣ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ በሩደሩ፣ በቆመው ጭራ ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ወደ ቀኝ ያዢው። ሳር ላይ በአፍንጫው የሚተከል ከሆነ ደግሞ የእግሮቹን ሽቦ ወደ ፊት ትንሽ አጥፊ፣ ጎማው ከክንፉ የፊት ጠርዝ ሥር እስኪደርስ።

እዚያ ዴንቨር ከፍታው 1600 ሜትር ነው። አየሩ ከኛ እዚህ ሜሪላንድ 15 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ሳትወድቂ የምታርፊበት ፍጥነት ከዚህኛው 8 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እዚህ በለመድሽው አትተማመኚ፣ በፍጥነት ግቢ። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያም ይብሳል። ሮቢንሰን ያን አሮጌ ፖቴዝ የሚባል የፈረንሳይ አውሮፕላን እዚያ ቀጭን አየር ውስጥ እንዴት ሲያስነሳ እንደነበር ሳስበው ይገርመኛል።

ሁሉም ሲያልቅ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ሞክሪው፣ ጋይሮውን ዘግተሽ። በደንብ ከፍ አድርገሽ በግማሽ ጋዝ መሪውን ሳትነኪው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ በትሪም ማስተካከያው አስተካክዪ። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ታች በመጠኑ አድርጊና መሪውን ልቀቂ። ራሱ ቶሎ ወደ ላይ ከተመለሰ አፍንጫው ከብዷል። ይባስ ብሎ ከተደፋ ጭራው ከብዷል፣ ወዲያው አሳርፊው። ቀጥ ብሎ ቆይቶ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ግን የፈለግነው እሱን ነው። ባትሪውን በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር በላይ አታንቀሳቅሺ፣ ያንቀሳቀስሽበትንም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ።

ጭራውን ካጸዳሽ በኋላ አውሮፕላኑን መዝነሽ ቁጥሩን በቴሌግራም ላኪልኝ። እስከዚያ ሞተር እንዳትገዢ። ባላንስ ማድረጊያው እኔ ጋ ስላለ ከእናትሽ በርበሬና ሽሮ ጋር በፖስታ ልኬልሻለሁ።

አባትሽ