የመኪና ጥገና ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ተርቦው ከመፈታቱ በፊት

ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን ያሳለፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። የናፍጣ የጭነት መኪና ሲያፏጭና ዳገት ላይ ጉልበት ሲያጣ፣ ጥፋቱ የማን ነው? ጥያቄውን የመረጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የብዙዎቹ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ሾፌር ስለሆነ፣ «ተርቦው ሞቷል፣ ቀይሩት» የሚለውን ፍርድ እቤታቸው እየሰሙ ነው ያደጉት። ተርቦ ማለት አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል ነው። አንድ ተርቦ መግዛት በአንድ መኪና ለሚተዳደር ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነም ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ጎንደር ደግሞ ለዚህ ትምህርት የምትመች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ሲሳሳ ናፍጣው በቅጡ አይቃጠልም፤ ይህን ጉድለት የሚሞላው ተርቦ ነው። ከመተማ ቆላ ሰሊጥ ጭኖ ወደ አዘዞ የሚወጣ ወይም ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ደባርቅ የሚመለስ መኪና፣ ግፊቱ ትንሽ ከጎደለ ወዲያው ይታወቅበታል። ሜዳ የደበቀውን ዳገት ያወጣዋል።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ከአንድ ጋራዥ በነፃ ያገኘነውን አሮጌ ተርቦ በመጋዝ ሰንጥቀን ከፈትነው። በአንድ ሻፍት (ዘንግ) ላይ ሁለት ፋን አለ። አንዱን የሚያሽከረክረው ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ነው፤ ሌላው አየር ስቦ፣ አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሺ በ1905 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በፓተንት ያስመዘገበው በከንቱ የሚባክነውን የጭስ ኃይል ለመጠቀም ብሎ ነበር። ሻፍቱ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በዚህ ፍጥነት ብረት ከብረት ጋር ተነካክቶ አይሰነብትም፤ ስለዚህ ሻፍቱ ቡሺንጉ (ሻፍቱን የያዘው ቀለበት) ውስጥ በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞር። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወርዶ ሻፍቱን በጣት ሲነቀንቁት ወደ ጎን ትንሽ የሚወዛወዘውም ለዚህ ነው። ይህን ውዝዋዜ አይተው ደህናውን ተርቦ «ተበልቷል» የሚሉ አሉ። ፋኑ ቤቱን ካልነካና ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በግልጽ ካልተንሸራተተ ተርቦው አልሞተም። ይህን እያንዳንዱ አባል በገዛ ጣቱ እንዲያውቀው አድርጌያለሁ።

ከዚያ ድምፅ መለየት ጀመርን። ለስለስ ያለ ፉጨት የተርቦው የተፈጥሮ ድምፅ ነው፤ አያስደነግጥም። መኪናው ጭኖ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ «ሽሽሽ» የታመቀ አየር እያመለጠ መሆኑን ይናገራል፤ ተጠርጣሪዎቹ ማኒኮቶ (የአየሩ የጎማ ቱቦ)፣ ፋሼታ (ቱቦውን የሚያጠብቀው ማሰሪያ) ወይም ኢንተርኩለር (የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ናቸው። ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ «ጭ፣ ጭ፣ ጭ» ብሎ ሲሞቅ የሚቀንስ ከሆነ የጭስ ማኒፎልዱን (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበውን ቱቦ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ማየት ነው፤ ጥላሸቱ ቦታውን ያሳያል። ከሞተሩ ዙር ጋር እየከረረ የሚጮህ፣ የአምቡላንስ ሳይረን የመሰለ ድምፅ ሲመጣ ግን ነገሩ ከተርቦው ሆድ ነው፤ መኪናውን ወዲያው ማቆም ይገባል።

አንድ ቅዳሜ የአንዲት አባላችን አጎት መኪናቸውን ወደ ግቢያችን ይዘው መጡ። ተርቦ እንዲገዙ ተነግሯቸው ገንዘብ እያሰባሰቡ ነበር። ተማሪዎቹ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ደብተራቸውን ገለጡ።

«ጋሼ፣ ድምፁ የሚሰማው ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ?»

«ቆሞማ ዝም ነው ልጄ። ጭኜ ዳገት ላይ ስረግጠው ነው የሚተነፍስ።»

«ጭሱስ?»

«ጥቁር ነው። ከኋላዬ ያለው መኪና መንገዱን አያየውም።»

ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አወጡት፤ ንጹሕ ነበር። ባዶ መኪና በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ በጆሮ ፈልጎ ማግኘት አልተቻለም። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የተርቦውን የአየር መግቢያ የጎማ ቫልቭ በገጠምንበት የፕላስቲክ ክዳን ዘጋነውና ከ1 ባር ግፊት ሳናሳልፍ አየር ሞላንበት። አንዷ ልጅ ቀጭን ጎማ አንዱን ጫፍ ጆሮዋ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ መጋጠሚያዎቹ ላይ እያደረገች ተከተለችው። ከኢንተርኩለሩ ወደ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ በሚሄደው ማኒኮቶ ሥር ስትደርስ ቆመች። እዚያ ዘይት የጠጣ አቧራ ተለጥፏል። ጠርገው የሳሙና ውኃ ሲቀቡት አረፋው ተንተከተከ፤ ከፋሼታው አጠገብ ጣት የሚያህል ስንጥቅ፣ ግፊት ሲመጣ ብቻ የሚከፈት። አጎትየው ማኒኮቶና ሁለት ፋሼታ ገዝተው ተቀየረ። ከመተማ ሲመለሱ ጭሱ መጥፋቱን፣ መኪናውም እንደ ድሮው መጎተቱን ሊነግሩን ግቢው ድረስ መጡ።

ሁሉም እንዲህ አላለቀም። ሌላ መኪና በእርግጥ ሳይረኑን እየጮኸ ደርሶናል። ማኒኮቶው ሲፈታ የፋኑ ክንፎች ጫፍ ተበልቶ፣ ቤቱም ተፍቆ አገኘነው። እዚህ ላይ ተማሪዎቹን ያቆየኋቸው «ለምን?» በሚለው ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ተርቦ ዕድሜ የለውም። ወደ ተርቦው የሚወስደው የዘይት ቱቦ በከሰለ ዘይት ሊደፈን ምንም አልቀረውም ነበር። ዘይቱ በጊዜው አልተቀየረም፤ ሾፌሩም ዳገት ጨርሶ እንደቆመ ሞተሩን ያጠፋል። ዘይቱ መዘዋወሩን ሲያቆም ተርቦው ገና እንደ ጋለ ነው፤ ውስጡ የቀረው ዘይት እዚያው ይከስላል። ከማጥፋት በፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ይህ ነው የሚባል ወጪ የለውም። ተርቦው በጋራዥ ሲቀየር ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ቱቦው መቀየሩን፣ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መታደሱን፣ ከኢንተርኩለሩም የብረት ስባሪና ዘይት መጠረጉን አንድ በአንድ ተከታትለዋል። ኢንተርኩለሩ ካልተጠረገ ስባሪው ወደ ሞተሩ ይገባል።

የክበቡ ጥብቅ ሕግ አንድ ነው። ሞተር እየሠራ ተርቦው ክፍት ከሆነ ማንም እጁን አያስጠጋም፤ ነጠላና ሻርፕም አውልቆ መግባት ግዴታ ነው። አንድም አባል ሳይጎዳ ዓመቱን ጨርሰናል።

ሰንጥቀን የከፈትነው ተርቦ በወላጆች ቀን ለዕይታ ቀርቦ አሁን በወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ለሚቀጥለው ዓመት በጣም የሚያስፈልገን በጉዞ ላይ የተርቦውን ግፊት የሚለካ ጌጅ ነው፤ የዘንድሮውን በውሰት ነው የሠራንበት። አሮጌ ማኒኮቶ፣ ኢንተርኩለር ወይም የተበላ ተርቦ ያላችሁ ወላጆችም ከመጣላችሁ በፊት ለወርክሾፑ አስረክቡን። የአዲስ አባላት ምዝገባ መስከረም ላይ ይጀመራል፤ ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ቅድሚያ እንሰጣለን።