ከቤተ መጻሕፍታችን መዝገብ ላይ «የሚነበበው መጽሐፍ» የሚለው ዓምድ ይሰረዝልን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ይህን የምጽፍላችሁ ከካራ ወጣ ብሎ ካሉት የኮንዶሚኒየም ሳይቶች በአንዱ ሆኜ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ 26 ዓመት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ፤ አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ሰርኩሌሽን ላይ፣ መጽሐፍ በማዋስና በመረከብ ነው። አሁን ደግሞ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን የልጄን ልጅ ይዤ ሰፈራችን ወዳለችው ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። እኛ ዘንድ መብራት ከሄደ ቶሎ አይመለስም፤ በየቤቱም ስድስት ሰባት ሰው ተጠጋግቶ ነው የሚኖረው። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁት ልጆች ያችን አዳራሽ የሙጥኝ ብለዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በር ላይ ይሰለፋሉ።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ከንባብ አዳራሹ በር ላይ አዲስ መዝገብ ተቀምጧል። ትልቅ፣ ልባሱ ጠንካራ፣ ባለመስመር መዝገብ ነው፤ እስክሪብቶው በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል። ዓምዶቹ በማስመሪያ ተሰምረዋል፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ሰዓት፣ የሚነበበው መጽሐፍ፣ ፊርማ። መጽሐፉን ከመደርደሪያ አንስተን ስንመጣ እዚያ ላይ ሞልተን ነው ወደ ወንበራችን የምናልፈው። መዝገቡ ተገልጦ ስለሚውል ተራ የሚጠብቅ ሁሉ ከሱ በፊት የሞሉትን ሰዎች ስም፣ ስልክና ንባብ ያነባል። የጎረቤቴ ልጅ ከማታውቀው ሰው ማታ ማታ ሲደወልላት ከርሞ፣ በኋላ ስትጠይቀው ቁጥሯን ከዚያው መዝገብ ላይ እንደገለበጠ ነግሯታል። ፋይዳ ደግሞ ዛሬ ከባንክ ሒሳባችን ጋር የሚያያዝ ቁጥር ነው፤ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ከፊቴ አንዲት ልጅ ነበረች። የዩኒፎርም ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች፤ በብብቷ መጽሐፍ ይዛለች። ርዕሱን አይቼዋለሁ፣ ዓይኔ ከልማዱ መጽሐፍ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። የጤና መጽሐፍ ነበር ብል ይበቃል። «የሚነበበው መጽሐፍ» ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አነሳችና ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ በግራ መዳፏ መስመሩን ከልላ «ባዮሎጂ» ብላ ጻፈች። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየና «ርዕሱን በትክክል ጻፊው እንጂ» አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ልጅቷ ግን መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቃል ሳትናገር ወጣች። መጽሐፉን ወደ ቦታው የመለስኩት እኔ ነኝ።

ይህን ሳይ እንዲህ የሚያንገበግበኝ እኔም ራሴ አንድ ጊዜ ስላጠፋሁ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ አንድ አባት መጣ። ትሁት ሰው ነበር፤ «ልጄ እዚህ ምን እንደሚያነብ ባውቅ ደስ ይለኛል» አለኝ። በዚያን ጊዜ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ የኋላ ልባስ ላይ በተለጠፈች የወረቀት ኪስ ውስጥ ካርድ ይቀመጥ ነበር፤ የተዋሰው ሰው ሁሉ ስሙንና ቀኑን ይጽፍበታል። የወላጅ መብቱ ነው ብዬ ካርዶቹን እያወጣሁ አሳየሁት። አንደኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። አመስግኖኝ ሄደ። ልጁን ከዚያ ቀን በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አላየሁትም። 16 ዓመቱ ነበር፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መስኮት ሥር የሚቀመጥ ልጅ። የቱን መጽሐፍ እንዳነበበ ዛሬም ለማንም አልናገርም፤ ያኔም መናገር አልነበረብኝም።

ከዚያ በኋላ ከባልደረቦቼ ጋር ተነጋግረን አሠራሩን ቀየርነው። አንባቢው የሚታወቀው በመታወቂያ ካርዱ ቁጥር ብቻ ሆነ። የተዋሰው መጽሐፍ በትንሽ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ወረቀቷ እኛ ዘንድ ትቆያለች፣ መጽሐፉ ሲመለስ ለራሱ ለአንባቢው እንሰጠዋለን፤ ቀዶ ይጥላታል። በዚህ ምክንያት መጽሐፍ ከቀድሞው በላይ አልጠፋብንም። መጽሐፍ እንደሚሰረቅ አላጣሁትም። በምላጭ ተቆርጠው የተወሰዱ ገጾችን ስንት ጊዜ በእጄ ፎቶ ኮፒ እያደረግሁ ለጥፌያለሁ። ሌባ ግን ርዕስ ጻፍ ስለተባለ ስርቆቱን አይተውም፤ የሚሸሸው አፋሩ አንባቢ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስለተሰቀሉት ካሜራዎችም ልናገር። በሩና መደርደሪያው ላይ ያለው አያስከፋኝም። ከኮምፒውተሮቹ በላይ የተሰቀለው ግን ሰው የሚጽፈውንና የሚከፍተውን ገጽ ያሳያል፤ ምስሉ የሚታይበት ስክሪን ደግሞ ጥበቃዎቹ ክፍል ውስጥ ወደ ውጭ ዞሮ ነው የተቀመጠው። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሳይቀር ቆሞ ያየዋል።

ኃላፊውን አነጋግሬአቸዋለሁ። በአክብሮት ተቀብለውኝ «ከላይ የመጣ መመሪያ ነው፣ ለደህንነት ሲባል ነው» አሉኝ። መመሪያውን ለማየት ጠየቅሁ፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም። እኔ የማውቀው ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር መደንገጉን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። መረጃ የሚሰበሰበው ለተፈለገበት ዓላማ በሚበቃው ልክ እንዲሆን፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይም እንዳይቆይ ያዛል፤ ጤናንና እምነትን የሚመለከት መረጃ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ያስገድዳል። አንዲት ልጅ የምታነበው የጤና መጽሐፍ ስለ ጤናዋ ካልተናገረ ስለ ምን ይናገራል?

ሌላ አገርም ይህ ጥያቄ ተነስቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችው ፓትሪዮት አክት የተባለው ሕግ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሳይቀር ለመርማሪዎች እንዲከፈት መንገድ የሚሰጥ አንቀጽ ነበረው። በካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ የሚሠሩ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች አንባቢውን የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ለጥፈው፣ የማያስፈልጋቸውን ወረቀት በየቀኑ በማሽን ይቆራርጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በኮነቲከት አራት የሙያው ሰዎች ከኤፍቢአይ ደብዳቤ መጣባቸው፤ በአንድ ቀን በአንድ ኮምፒውተር ማን እንደተጠቀመ እንዲያሳውቁ፣ ደብዳቤው መድረሱንም ለማንም እንዳይተነፍሱ። እሺ አላሉም፣ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዓመቱ መንግሥት የዝምታውንም ትእዛዝ ጥያቄውንም ተወ። ይህን ሳነብ ልቤን የነካኝ እንደኔው መጽሐፍ ሲያውሱ የኖሩ ሰዎች መሆናቸው ነው።

እኛ ግን ይህን ለመረዳት አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ የታላቅ ወንድሜን መጻሕፍት በማዳበሪያ ጠቅልላ ከጓሮ ጎመኑ ሥር ስትቀብር ፋኖሱን ይዤ ያበራሁላት እኔ ነኝ። በየቤቱ እንዲህ ያደረገ ብዙ ነው። ያቺ ልጅ መዳፏን መስመሩ ላይ ስታሳርፍ የታየኝ የእናቴ እጅ ነበር።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ርዕስ የሚጻፍበት ዓምድ ይሰረዝ። ስልክና ፋይዳ ተገልጦ በሚውል መዝገብ ላይ አይጻፍ። የውሰት ወረቀት መጽሐፉ ሲመለስ ለአንባቢው ይሰጥ። የኮምፒውተሩ ካሜራ ይነሳ፣ ስክሪኑም ወደ ውስጥ ይዙር። ማንም ሰው፣ ወላጅም ይሁን መርማሪ፣ የአንባቢን መዝገብ ሲጠይቅ ሠራተኛው የሚመልሰው መልስ በጽሑፍ ይውጣ፤ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይቻልም የሚል። ያኔ እንደኔ ያለች ልምድ የሌላት ሠራተኛ ትሁት አባት ፊት ቆማ አትቸገርም።

አንድ የቀረ ጉዳይ አለ። እስካሁን ሞልተው ያለቁ አራት መዛግብት ከጥበቃው ወንበር ኋላ መሬት ላይ ተደራርበው አይቻለሁ። እነሱም በኮሚቴ ፊት ይወገዱ። ለመቀዳደዱ ሰው ካነሰ እኔ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ
ከየካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ